ቀይ መስመር አልታየም፤ ፈተናው ግን አልታለፈም

ለከፍተኛ የሊኑክስ አስተዳደር ፈተና የተደረገ የአንድ ዝግጅት የጉዳይ ጥናት

ባልደረባዬ የሊኑክስ ኩባንያው ሬድ ሃት የሚሰጠውን የአርኤችሲኢ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ወስዳ ስትወድቅ ወሬውን ለማመን የተቸገረው ሰው ብዙ ነበር። ሰርቨር አልነሳ ሲል፣ ዲስክ ሲሞላ፣ የመረጃ ቋት ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚደወለው ለእርሷ ነው። ሊኑክስን በአብዛኛው የተማረችው በተበላሸ ማሽን ፊት ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው። ከፈተና ክፍል ወጥታ የተናገረችውም ግርምቱን የሚያባብስ ሆነ፦ ሥራዎቹን ከሞላ ጎደል ሠርታለች፣ ያስኬደቻቸው ፕሌይቡኮች (ማሽኖችን የሚያዋቅሩ የሥራ ዝርዝር ፋይሎች) እስከ መጨረሻው ሄደዋል፣ ስክሪኑ ላይ ስሕተትን የሚያሳይ አንድም ቀይ መስመር አላየችም።

ይህ ጽሑፍ ያ እንዴት ሊሆን እንደቻለና በሁለተኛው ዝግጅቷ ምን እንደተለወጠ ይመረምራል። ስሟን እንዳልጠቅስ ተስማምተን ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ተፈታኞች የፈተናውን ይዘት ላለማውጣት ስለሚፈርሙ፣ ከዚህ በታች በቅርበት የማሳያቸው ሥራዎች በሙሉ ለልምምድ ብለን እኛው ያወጣናቸው ናቸው።

ፈተናው ምንን ይለካል

አርኤችሲኢ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ነው። እስከ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 ድረስ፣ ማለትም ኢኤክስ 300 በሚባልበት ዘመን፣ ተፈታኙ አገልግሎቶችን በገዛ እጁ እንዲያቆም ይጠየቅ ነበር፦ የድር ሰርቨሩ አፓቼ፣ የመረጃ ቋቱ ማሪያዲቢ፣ በኬርቤሮስ የተጠበቀ ኤንኤፍኤስ፣ አይስከዚ፣ ፖስትፊክስና የመሳሰሉት። በ2019 ከስሪት 8 ጋር የመጣው ኢኤክስ 294 ይህን ገለበጠው። ማሽኖቹን የሚያዋቅረው የተፈታኙ እጅ መሆኑ ቀረና ተፈታኙ የሚጽፈው የአንሲብል ፕሌይቡክ ሆነ። አንሲብል በ2012 በማይክል ዴሃን የተጀመረ፣ በ2015 ሬድ ሃት የገዛው የአውቶሜሽን መሣሪያ ነው። መቆጣጠሪያ በሚሆነው አንድ ማሽን ላይ ተቀምጦ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ወደ ሌሎቹ ይገባል፤ እያንዳንዱ ማሽን ምን ዓይነት ሁኔታ ላይ መገኘት እንዳለበት ከፋይል ያነብና ወደዚያ ያደርሰዋል።

በስሪት 9 ላይ የተመሠረተው ፈተና፣ ባልደረባዬ የተፈተነችው ማለት ነው፣ አራት ሰዓት ይሰጠዋል። የሚከበብ ምርጫ የለም። ኢንተርኔትና ማስታወሻ አይፈቀዱም፤ ከምርቱ ጋር የሚመጣውን ሰነድ ማየት ግን ይቻላል። ከ300 ነጥብ 210 ያመጣ ያልፋል፣ ወረቀቱም ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ማዕረጉን ለማግኘት አርኤችሲኤስኤ የተባለውን የፊተኛውን ደረጃ መያዝ ግዴታ ነው፤ እርሷ ይህን ከቀድሞ ጀምሮ ይዛው ነበር።

ለማነጻጸር ያህል፣ የሊኑክስ ፕሮፌሽናል ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ኤልፒአይሲ-2 ሁለት ፈተናዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ይሠራል። እዚያ የትእዛዙን ስምና አማራጮቹን በትክክል ያስታወሰ ሰው ነጥቡን ይወስዳል። የቱ ይከብዳል የሚለው ሙግት ብዙም አይማርከኝም። ኤልፒአይሲ-2 ከከርነል እስከ ኢሜይል ሰርቨር ድረስ በስፋት ይዘልቃል፤ አርኤችሲኢ ጠባብ ሆኖ ጥልቅ ነው። ልዩነቱ ያለው መልሱ የት መገኘት አለበት በሚለው ላይ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ቁልፉም እሱ ነበር።

ሬድ ሃት ስለ ፈተናው ለሕዝብ ባወጣው መግለጫ ውስጥ፣ ከረጅሙ የርእሶች ዝርዝር አጠገብ፣ ብዙ ሰው ዘልሎ የሚያልፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የተፈታኙ ሥራ የሚመዘነው በፈተናው ጊዜ የጻፋቸው ፕሌይቡኮች አዲስ በተጫኑ ማሽኖች ላይ እንዲሠሩ ተደርጎ፣ ማሽኖቹና አገልግሎቶቹ እንደታዘዘው መሆናቸው ሲረጋገጥ ነው። ተፈታኙ አራት ሰዓት ሙሉ ሲነካካቸው የቆዩት ማሽኖች፣ ምንም ያህል ቢያምሩ፣ ምስክር ሆነው አይቀርቡለትም።

የመጀመሪያው ዝግጅት

ስትዘጋጅ ሰነፍ አልነበረችም። መጽሐፍ አንብባለች፣ የቪዲዮ ትምህርት ተከታትላለች፣ የሞጁሎችን (እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ሥራ የሚያከናውኑ የአንሲብል ክፍሎች) ስምና መለኪያ (የሚሰጣቸውን ቅንብር) በደብተር ጽፋ ሸምድዳለች። ልምምድም ሠርታለች። ችግሩ ያለው በልምምዱ ቅደም ተከተል ላይ ነበር።

እንዴት ትሠራ እንደነበር እንድታሳየኝ ጠየቅኋትና አጠገቧ ተቀመጥሁ። ያወጣሁላት ሥራ ቀላል ነው፦ በሁለት የድር ማሽኖች ላይ አፓቼ በ3131 ፖርት እንዲያገለግል፣ የፊት ገጹም የማሽኑን ስምና የአይፒ አድራሻ እንዲያሳይ። መጀመሪያ ያደረገችው ወደ አንዱ ማሽን መግባት ነው። አፓቼን ጫነች፣ የፖርቱን ቁጥር ቀየረች፣ አስነሳችው። አልነሳም። ሎጉ ላይ ፈቃድ ተከልክሏል የሚለውን ስታይ አላመነታችም። የኤስኢሊኑክስ (የሊኑክስ የደኅንነት ጥበቃ) ፖሊሲ አፓቼ እንዲይዛቸው የሚፈቅዳቸው ፖርቶች የታወቁ ናቸው፤ 80፣ 443፣ 8443 እና ሌሎች ጥቂቶች ከእነዚያ መካከል ሲሆኑ 3131 የለበትም። ሴማኔጅ በተባለው ትእዛዝ ፖርቱን ለድር አገልግሎት በተመደበው ዓይነት ሥር አስገባችው፣ አፓቼም ተነሳ። ፋየርዎሉን ከፈተች፣ እንደገና እንዲነበብ አደረገች፣ ገጹ መጣ። ሁሉም ነገር ከጥቂት ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም። ሁለተኛውን ማሽን በዚያው ፍጥነት ደገመችው።

ከዚያ ወደ መቆጣጠሪያው ማሽን ተመለሰችና ያደረገችውን ወደ ፕሌይቡክ ገለበጠችው። ጥቅሉን የሚጭን፣ የውቅር ፋይሉን ከቴምፕሌት (ለየማሽኑ ከሚሞላ የፋይል ቅርጽ) የሚያወጣ፣ ገጹን የሚጽፍ፣ ፋየርዎሉን የሚከፍት፣ አገልግሎቱን የሚያስነሳ። አስኬደችው። ከላይ እስከ ታች ቀይ የለም። ከመቆጣጠሪያው ሆና ከርል በተባለው ትእዛዝ ገጹን ጠራች፤ መጣ። ተፈጸመ ብላ ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል ሁለቱን ማሽኖች ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ወዳስቀመጥነው ስናፕሾት (የማሽኑ ሁኔታ የተቀመጠ ቅጂ) እንድትመልሳቸውና ያንኑ ፋይል ደግማ እንድታስኬደው ጠየቅኋት።

አገልግሎቱን የሚያስነሳው ሥራ ላይ ሲደርስ ሁለቱም ማሽኖች ቀይ ሆኑ። ሴማኔጅ በጣቶቿ ውስጥ እንጂ በፋይሉ ውስጥ አልነበረም።

ይህን አስተካክላ ስታስኬደው ደግሞ ሁለተኛው ጉድለት ወጣ፤ አገልግሎቱ ተነስቷል፣ ገጹ ግን ከውጭ አይመጣም። የፋየርዎሉ ሞጁል ሁለት መለኪያዎች አሉት። አንደኛው ለውጡ በቋሚነት እንዲመዘገብ ያዛል፣ ሁለተኛው አሁኑኑ ሥራ ላይ እንዲውል ያዛል። ቋሚ የሚለውን ብቻ የጻፈ ሰው ለውጡን የሚያየው ፋየርዎሉ እንደገና ሲነበብ ወይም ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ነው። በእጇ ስትሠራ አንብቢ የሚለውን ትእዛዝ ከልማድ ጨምራ ስለነበር ቅድም ይህ ጉድለት አልታየም።

ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልን። ማሽኑን አስቀድማ በእጇ ስለምታስተካክለው ፕሌይቡኩ ሲደርስ የሚያገኘው ያለቀ ሥራ ነው። አንሲብል ደግሞ በተፈጥሮው የተሠራን ነገር አይነካም፤ ሁኔታው እንደተፈለገው ከሆነ ደህና ነው ብሎ በአረንጓዴ ያልፋል። ወራት ሙሉ ያየችው አረንጓዴ የእጇ ሥራ ነጸብራቅ ነበር እንጂ የጽሑፏ ምስክር አልነበረም። ብልሃቷ በጨመረ ቁጥር የፋይሉ ጉድለት ይበልጥ ይሸፈናል። ገና ጀማሪ ብትሆን ኖሮ ፖርቱ ላይ ተሰናክላ፣ መፍትሔውን ፈልጋ፣ ያገኘችውን ፋይሉ ውስጥ ትጽፈው ነበር። ልምድ ያላቸው ሰዎች እዚህ ፈተና ላይ የሚወድቁበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ስንፍና ወይም ትዕቢት ተደርጎ ይነገራል፤ እኔ ግን ይህ የጣቶች ፍጥነት የበለጠ ያስረዳል ባይ ነኝ።

ከፈተናው በኋላ የሚላከው የውጤት መግለጫ ይህን አይናገርም። የሚያሳየው በየርእሱ የተገኘውን በመቶኛ ብቻ ነው። የእርሷ መግለጫ የማሽኖች ዝርዝርና መሠረታዊ ውቅር ላይ ጥሩ፣ ቴምፕሌትና ሮል (ተደራጅቶ ደጋግሞ የሚያገለግል የሥራዎች ጥቅል) ላይ ዝቅተኛ፣ ተጠቃሚዎችን ማስተዳደር ላይ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። የመጨረሻው ይበልጥ ግራ አጋባት። ተጠቃሚ መፍጠር የማይችል አስተዳዳሪ አለ?

የቤተ ሙከራው ሕግ

ሁለተኛውን ዝግጅት የጀመርነው ከመሣሪያው ነው። አንድ መቆጣጠሪያና አራት የሚተዳደሩ ቨርቹዋል ማሽኖች በአንድ ላፕቶፕ ላይ ኬቪኤም በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ተተከሉ። ሬድ ሃት ለግለሰብ አልሚዎች እስከ 16 ማሽን ድረስ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ፈቃድ ስላለ እውነተኛውን ስርጭት መጠቀም ይቻላል። ከእሱ ጋር የሚመሳሰሉት ነጻ ስርጭቶች፣ ሮኪ ሊኑክስ ወይም አልማሊኑክስም፣ ለአብዛኛው ልምምድ ይበቃሉ፤ የጥቅሎችና የስብስቦች (ሞጁሎችንና ሮሎችን የሚይዙ እሽጎች) ስም እዚህም እዚያም ስለሚለያይ ግን ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ከዋናው ጋር ቢውል ይሻለዋል።

ከዚያ አንድ ሕግ ወጣ፦ ወደሚተዳደር ማሽን መግባት ለማየት ብቻ ነው። ሎግ ማንበብ፣ የአገልግሎት ሁኔታ መጠየቅ፣ ፋይል ከፍቶ ማየት ይፈቀዳል። መጻፍ፣ መጫን፣ ማስነሳት ክልክል ነው። በመቆጣጠሪያው ማሽን ላይ ሆኖ በአንድ መስመር የሚላክ የአንሲብል ትእዛዝም ማሽኑን እስከቀየረ ድረስ እንደ እጅ ተቆጠረ። ለእርሷ ይህ ከባድ ነበር። ጥፋቱን እያየች፣ በሁለት ቃል እንደሚስተካከል እያወቀች፣ እጇን ሰብስባ ወደ ፋይሉ መመለስ ነበረባት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕጉን ስትጥስ ራሷን እየያዘች ትስቅ ነበር።

አንድ ሥራ አለቀ የሚባለውም በአዲስ መንገድ ሆነ። ማሽኖቹ ወደ ስናፕሾታቸው ይመለሳሉ፣ ፕሌይቡኩ ይሄዳል። ወዲያው ለሁለተኛ ጊዜ ይሄዳል፤ በዚህኛው ዙር ማጠቃለያው ላይ የተቀየሩት ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት። ከዚያ ማሽኖቹ ሁሉ ዳግም ይነሳሉ። በመጨረሻም ከሥራው በፊት የተጻፈ የማረጋገጫ ስክሪፕት ከውጭ ሆኖ ይጠይቃል፦ ገጹ ይመጣል ወይ፣ ተጠቃሚው በይለፍ ቃሉ መግባት ይችላል ወይ፣ ዲስኩ በታዘዘው ቦታ ተሰክቷል ወይ። ማረጋገጫው ከሥራው በፊት ይጻፍ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሥራው በኋላ የሚጻፍ ማረጋገጫ የተሠራውን ይጠይቃል፤ የታዘዘውን መጠየቅ ይረሳል።

የዜሮው ሕግ ብዙ አስተማራት። የሼል ሞጁልን በየቦታው መጠቀም ትወድ ነበር፤ ለዘመናት ያካበተችውን ትእዛዝ እንዳለ መለጠፍ ስለሚያስችል። ሼል ግን በሄደ ቁጥር ለውጥ አድርጌያለሁ ይላል፤ ማሽኑ የነበረበትን ሁኔታ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለተኛው ዙር ዜሮ አልመጣ ሲላት አንድ በአንድ ወደ ትክክለኛው ሞጁል መለወጥ ጀመረች።

ማሽኑ በሌላ አቅጣጫም ይዋሻል

በዝግጅቱ መሀል ላይ የገጠመ አንድ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ ከፊተኛው ተቃራኒ ስለሆነ።

ያንኑ የአፓቼ ሥራ ፖርቱን ወደ ሌላ ቁጥር እንድትቀይር አድርጌ ሰጠኋት። የውቅር ፋይሉን ቴምፕሌት ቀየረች። ቴምፕሌቱ ሲለወጥ አገልግሎቱን እንደገና እንዲያስነሳ ሃንድለር ተያይዞለታል። አስኬደችው፤ ቴምፕሌቱ ተለወጠ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ ሌላ ሥራ ግን በፊደል ስሕተት ቀይ ሆነና ሁሉም ቆመ። ፊደሉን አረመች፣ ደግማ አስኬደች፣ ያለ ቀይ አለቀ። ገጹ በአዲሱ ፖርት አይመጣም። የውቅር ፋይሉን ከፈተች፤ አዲሱ ቁጥር ተጽፏል። ኤስኢሊኑክስ ትክክል፣ ፋየርዎል ትክክል። አፓቼ ግን አሁንም አሮጌውን ፖርት ይዞ ቁጭ ብሏል።

ሃንድለር የሚጠራው ሥራው ለውጥ ሲያደርግ ነው፤ የሚፈጸመውም በፕሌዩ (በፕሌይቡኩ ውስጥ ባለው የሥራዎች ክፍል) መጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ዙር ቴምፕሌቱ ተለውጦ ሃንድለሩ ተጠራ፣ ነገር ግን ፕሌዩ መሀል ላይ ስለቆመ አልተፈጸመም። በሁለተኛው ዙር ፋይሉ አስቀድሞ ተለውጦ ስለተገኘ ለውጥ የለም፤ ለውጥ ከሌለ ጥሪም የለም። ፕሌይቡኩ ምንም ጥፋት የለበትም። በአዲስ ማሽን ላይ ቢሄድ ያለ ችግር ያልፋል። የተበላሸው ማሽኑ ነው።

ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ትክክለኛውን ፋይል ማበላሸት ሊጀምር ይችላል። እርሷም ልትጀምር ነበር፤ ሃንድለሩን ሰርዛ አገልግሎቱን ሁልጊዜ የሚያስነሳ ሥራ ልትጽፍ ስትል ስናፕሾቱን እንድትሞክር አስታወስኋት። ማሽኖቹ ተመለሱ፣ ፋይሉ ሄደ፣ ገጹ መጣ። ሃንድለሮች ሥራ ቢወድቅም እንዲፈጸሙ የሚያስገድድ አማራጭ በአንሲብል ውስጥ አለ፤ መሀል ላይ እንዲፈጸሙ ማዘዝም ይቻላል። እነዚህን ከዚያ ቀን በኋላ አልረሳቻቸውም።

የተጠቃሚዎቹ ምሥጢር

ተጠቃሚዎችን ማስተዳደር ላይ ለምን እንደወደቀች የፈተናውን ጥያቄ ሳላውቅ ልናገር አልችልም፤ ልምምዷ ውስጥ ግን አንድ ግልጽ ነገር ነበር። የይለፍ ቃሎችን በአንሲብል ቮልት በተመሰጠረ ፋይል ውስጥ አስቀምጣ፣ ተጠቃሚዎቹን ከዝርዝር በሉፕ (በድግግሞሽ) ትፈጥር ነበር። ተጠቃሚዎቹ ይፈጠራሉ፣ ቡድናቸውም ትክክል ነው። ለመግባት ሲሞክሩ ግን አይችሉም።

የተጠቃሚ ሞጁሉ የይለፍ ቃል ሲሰጠው የሚጠብቀው ተመስጥሮ የተሰላውን ቅርጽ ነው። ተራውን ቃል ከሰጡት ተራውን ቃል ወስዶ ልክ እንደ ስሌት ውጤት የይለፍ ቃሎች በሚቀመጡበት የሻዶው ፋይል ውስጥ ይከትተዋል። ከዚያ በኋላ ማንም በዚያ ቃል መግባት አይችልም። ሞጁሉ ይህን ሲያይ ዝም አይልም፤ የተሰጠው ቃል ያልተሰላ ይመስላል የሚል ማስጠንቀቂያ በሐምራዊ ቀለም ያወጣል። ሥራው ግን አይቆምም፣ ቀይም አይሆንም። እርሷ የምትፈልገው ቀይን ብቻ ስለነበር ሐምራዊውን ዓይኗ አልያዘውም።

ቃሉን ሻ-512 በተባለው ስልት በሚያሰላ ማጣሪያ ውስጥ አሳለፈችውና መግባት ተቻለ። ወዲያው የዜሮው ሕግ ተጣሰ፤ በሁለተኛው ዙር ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ተቀይረዋል ተባለ። ማጣሪያው ቋሚ ጨው (ከቃሉ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰላ ተጨማሪ ፊደል) ካልተሰጠው በየዙሩ አዲስ ስለሚጨምር ስሌቱ በየጊዜው ይለያያል። የይለፍ ቃሉ ተጠቃሚው ሲፈጠር ብቻ እንዲሰጥ የሚያዝ መለኪያ ጨምራ ዘጋችው። እውነቱን ለመናገር ይህ የመጨረሻው ጥራት ለነጥብ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ እርሷ ግን ዜሮውን ሳታይ መተኛት የማትችልበት ደረጃ ላይ ደርሳለች።

መሸምደዱ ቆመ

የሞጁሎችን መለኪያ የያዘው ደብተር ተዘጋ። አንሲብል-ዶክ የሚባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ሞጁል ሰነድ ያወጣል፤ ሰነዱ ውስጥም ተገልብጦ ሊለጠፍ የሚችል ምሳሌ አለ። ከላይ ጀምሮ ማንበብ ጊዜ ይበላል፤ በቀጥታ ምሳሌ የሚለውን ክፍል ፈልጎ መዝለል ይሻላል። የሞጁሉ ስም ከጠፋ ዝርዝሩን አውጥቶ በቃል ማጣራት ነው። ሬድ ሃት አዘጋጅቶ የሚያቀርባቸው የሲስተም ሮሎች ጥቅል ሲጫንም የየሮሉ ማብራሪያና ምሳሌ አብሮ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል፤ የሰዓት ማመሳሰያውን ወይም የኤስኢሊኑክሱን ሮል ከባዶ ለመጻፍ ከመታገል ምሳሌውን ቀድቶ ሦስት መስመር መለወጥ ነው። ልምምዶቹን ሁሉ ኢንተርኔቱን ነቅላ መሥራት የጀመረችውም በዚህ ጊዜ ነው።

ፕሌይቡኮች በሚጻፉበት ቅርጽ፣ በያምል፣ ላይ ብዙ አልቆየንም። የቪም ማረሚያው ታብን በሁለት ባዶ ቦታ እንዲተካ ማድረግ፣ በድርብ ቅንፍ የሚጀምር ዋጋን ሁልጊዜ በጥቅስ ውስጥ ማስገባት፣ ከማስኬድ በፊት አገባቡን ማስፈተሽ። ፕሌይቡክ ማስኬጃውን አንሲብል-ናቪጌተርን የሚጠቀም ሰው የቮልት የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ ከፈለገ የውጤት መዝገቡን ማጥፋትና ውጤቱ በተራ ጽሑፍ እንዲወጣ ማድረግ እንዳለበት ደግሞ አስቀድሞ ይወቅ፤ አለበለዚያ ጥያቄው ሳይታይ ይቀራል።

ጊዜን በሚመለከት የወሰደችው ውሳኔ አንድ ነበር። የማሽኖች ዝርዝርና የአንሲብል ውቅር ፋይል እስኪስተካከሉ ድረስ ሌላ ምንም አትነካም፤ እነርሱ ከተሳሳቱ ከሥራቸው ያለው ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ አንድ ሥራ አሥር ደቂቃ ከያዛት ትተዋለች። በመጀመሪያው ፈተና አንድ ቴምፕሌት ላይ ምን ያህል እንደቆየች ራሷም አታውቅም፤ መጨረሻ ላይ ሳይነኩ የቀሩ ሥራዎች እንደነበሩ ግን ታስታውሳለች።

በዚህ መሀል አንድ ወዳጇ የፈተናው እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው ያለውን ፋይል ላከላት። ሳትከፍተው ሰረዘችው። ስምምነቱን መጣሱ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በተረፈ እንዲህ ያለ ፋይል ይዞት የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ አስቀድሞ የተስተካከለለት ሰው የጻፈው ነው። እርሷ ደግሞ ልትላቀቀው የምትታገለው በሽታ ያው ነበር።

ውጤቱና የቀረው

በሁለተኛው ፈተና አለፈች። ተጠቃሚዎችና ቴምፕሌት ላይ የነበሩት ዝቅተኛ መቶኛዎች ከፍ ብለዋል። ሮልና የይዘት ስብስቦች ላይ አሁንም ሙሉ አላገኘችም፤ የትኛው ሥራ እንዳጎደለባት መግለጫው አይናገርም፣ እርሷም በግምት መቆዘም አልፈለገችም።

ፈተናው ስለ እርሷ የማይናገረው ብዙ ነገር አለ። የተጓተተ የመረጃ ቋትን መንስኤ ከአራት ሎጎች አጣምራ የምታገኝበት መንገድ እዚያ ቦታ የለውም። የቀድሞው ኢኤክስ 300 ቢያንስ ለዚያ ዓይነቱ እውቀት ይቀርብ ነበር፤ አንዳንድ የቆዩ ባለሙያዎች ለውጡን የሚያማርሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላ በኩል አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሩ ተቃጥሎ አዲስ ሲተክል የሚያስፈልገው ፋይሉ እንጂ የአስተዳዳሪዋ ትዝታ አይደለም። እኔ ወደዚህኛው ሚዛን አዘነብላለሁ።

ካለፈች በኋላ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር በሥራ ቦታ ለዓመታት በየሌሊቱ ያለ ቀይ ሲሄዱ የኖሩትን ፕሌይቡኮች በባዶ ማሽን ላይ ማስኬድ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ሰርቨሩን የሚያቆመው፣ ሁለተኛው ሥራ ላይ ወደቀ። የሚጠቀምበት ዳይሬክተሪ በፋይሉ ውስጥ የትም አልተፈጠረም፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ገብቶ በእጁ ፈጥሮታል። ዳይሬክተሪውን የሚፈጥር ሥራ ጨመረችበት። ቀጥሎ አራተኛው ላይ ወደቀ፤ እሱን በሚቀጥለው ሳምንት ልትጨርሰው ይዛዋለች።